ጋሼ የገጠሟት የብየዳ ማሽን

ማሽኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነዝረኝ ዝም አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያች ዝምታ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ጋሼ ቤት ጋራዥ ውስጥ። የማሽኗን ቆርቆሮ በግራ እጄ ደገፍ ብዬ ማብሪያዋን ላዞር ጎንበስ ስል፣ ከመዳፌ ተነስቶ እስከ ክርኔ ድረስ ንዝረት ሰረሰረኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «እህ፣ እንዴት ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት፣ ጋሼ» አልኳቸው። ምን አባቴ ልበል?

ጋሼ ዘመዴ አይደሉም። ናይሮቢ ውስጥ ወረቀት ስጠብቅ ዓመታት አልፈው፣ ሰው መሆኔን ራሴ ልረሳ ስል፣ አባቴን የሚያውቅ ሰው ስለ እኔ ነገራቸው። እሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያቸውን ሰዎች አስተባብረው ስፖንሰር አደረጉኝ። ኤርፖርት ሲቀበሉኝ ካፖርታቸውን አውልቀው እኔን አለበሱኝና ራሳቸው በሹራብ እየተንቀጠቀጡ እስከ መኪናው ሄዱ። ቤዝመንታቸው ውስጥ ክፍል ሰጡኝ። ባለቤታቸው እትዬ እናት ሆኑልኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ እትዬ በጾም ቀን ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር። ጋሼም «ይህን ልጅ ጌታ እስኪያገኘው ድረስ ሽሮ ያገኘዋል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ውለታ ምን እንደሚከብድ የተሸከመው ያውቀዋል። የክፍሌ መስኮት ከመሬት እኩል ስለነበረ ክረምቱን በረዶ ይደፍነዋል፤ መንጋቱን የማውቀው ከራሴ በላይ በሚሰማኝ የእግር ኮቴ ነበር። አንድ ጊዜ ፎረስት ሎን የሚባል ሰፈር ሄጄ የሚከራይ ክፍል አይቼ መጣሁና ለእትዬ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። «ምን አስቀየምንህ?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወሬውን ሁለተኛ አላነሳሁትም።

የማሽኗ ነገር የመጣው በጉባኤው በኩል ነው። ፎረስት ሎን ውስጥ አሮጌ አዳራሽ ተከራይተው ነበር፤ የደረጃው የእጅ መደገፊያ ብረት ዝጎ፣ በረዶ ሲሆን አሮጊቶቹ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ። ጋሼ በስብሰባው መሀል ብድግ ብለው «ብረቱን እኛው እንሠራዋለን፣ በያጅ ቤቴ አለልኝ» አሏቸው። በያጁ እኔ ነኝ። የሰማሁት ማታ ራት ላይ ነው። ቀን ቀን ታንከር የሚጠግን ወርክሾፕ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለብየዳው የሙያ ፈተና እማራለሁ። ቅዳሜ አንዷ የእረፍት ቀኔ ነበረች። «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ማሽኗን ከከተማ ወጣ ብሎ ከሚኖር ገበሬ ነው ያመጧት፤ አሮጌ፣ ከባድ፣ ስፒናዋ የተቆረጠ፣ በአራት የጎማ እግር የምትሄድ። ጋሼ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። አገር ቤት ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ሠራተኛው ሁሉ «ኢንጂነር» ነበር የሚላቸው። እዚህ የትምህርት ቤት ወለል ይወለውላሉ። አጉረምርመው አያውቁም። ያን ቀን ግን ካቻቪቴና ፒንሳ ሲይዙ ወገባቸው ሁሉ ቀና አለ። «አንተ ባትሪውን ብቻ ያዝልኝ» አሉኝ።

ባትሪውን እያበራሁ አየሁ፤ ስህተቱ ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ አየሁ። አገር ቤት ሁለት መቶ ሃያው የሚመጣው በአንድ ፌዝና በአንድ ዜሮ ነው። በፋብሪካቸው የማሽኑን አካል ከዜሮው ጋር ያስሩታል፤ ሰው እንዳይነዝር ጥበቃው እሱ ነበር። እዚህ ግን ለእንዲህ ያለች ማሽን የሚመጡት ሁለቱም ሽቦዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ናቸው። ወደ መሬት የሚሄደው አረንጓዴው ብቻ ነው። እሱን ለብቻው ወደ መሬት ማሰር አስተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን ያስጠናን ትምህርት ነው። ጋሼ ነጩን ሲያዩ ዜሮ መሰላቸው። «ዜሮና መሬት አንድ ነው፣ አየህ» እያሉ ከማሽኗ አካል የመጣውን አረንጓዴ አዲሱ ስፒና ውስጥ ከነጩ ጋር ጠመዘዙት። ያዳናል ያሉት ሽቦ ኤሌክትሪኩን ይዞ ቆርቆሮዋ ላይ ለቀቀው።

አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ «ጋሼ» የሚለው ቃል ወጥቷል። ቀና ብለው አዩኝ፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «አቤት» አሉ። «ይበርዳል፣ ጓንት ላምጣልዎት?» አልኳቸው። ኤዲያ! እንኳን ሌላ ሰው ራሴም በራሴ አፈርኩ። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ከናይሮቢ ያወጣኝን ሰው፣ በገዛ ሙያው፣ በገዛ ቤቱ፣ «አያውቁትም» ልበለው? የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባል ለእኔ ከመነዘር ይብስ ነበር።

ማሽኗ ደግሞ ሥራዋን በደንብ ትሠራለች፤ ክፋቷ ይህ ነው። አደጋ ሲኖር ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ብሬከር አይወድቅም፣ ብየዳው ያምራል። ጋሼ በማይኖሩበት ሰዓት ቴስተር ነካሁባት፤ ማብሪያዋ ጠፍቶም ቢሆን ቴስተሩ ቦግ አለ። ከግድግዳው ካልተነቀለች ጠፋችም በራች ገላዋ ያው ነው። ደረቅ ወለል ላይ ደረቅ ጫማ ያደረገ ሰው ቆንጠጥ ታደርገዋለች። እርጥብ የሆነ ቀን ትገድላለች። ይህን እያወቅሁ ሦስት ቅዳሜ በየድኩባት።

ታዲያ ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም፤ ፈሪ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ። ከእግሬ በታች ደረቅ ጣውላ አነጠፍኩ። ጓንት በጓንት ላይ ደረብኩ። ለሽንትም ስወጣ ስፒናዋን እነቅላለሁ። ራት ላይ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ፤ «አስተማሪያችን እኮ እዚህ አገር ነጩ ሽቦም አይታመንም ይላል» አልኩ። ጋሼ ሳቁና «ፈረንጅ ምን የማያካብደው ነገር አለ?» ብለው ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። አንድ ቀን ደግሞ ከሥራ ቀድሜ ገብቼ ስፒናውን ልፈታ ካቻቪቴ እንደያዝኩ ጋሼ በሩን ከፍተው ገቡ።

«ምነው?»

«ላጠብቀው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ አጥብቄዋለሁ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሁለት ቀን ሙሉ «አልራበኝም» እያሉ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረቡም። እትዬ በሁለታችን መሀል እየተመላለሱ «ምን ተባባላችሁ?» ይላሉ፤ እሳቸውም «ምንም»፣ እኔም «ምንም»። ከዚያ ወዲያ ካቻቪቴውን አልነካሁም። የማሽኗ ዘበኛ ሆንኩ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከእሷ ጋር እታሰራለሁ፤ ከተማ ልውጣ ብል ጋሼ ብቻቸውን ሊነካኳት ነው፣ ብቀመጥ ደግሞ ቂጤን እሳት ላይ እንደጣድኩ ነው። የደረጃው ብረት ቶሎ እንዲያልቅ ምሳዬን እየዘለልኩ በየድኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ገባ። ትናንት አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ ነበር፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ጃኬቱን አውልቆ ይስቃል። የጋሼ መኪና ሌሊቱን ጋራዥ ውስጥ አድራ ከሥሯ የተጋገረው በረዶ ቀልጦ፣ ወለሉ ሁሉ ውሃ በውሃ ሆኗል። ጠረግሁት፣ እንደገና መጣ። ዛሬስ አልሠራም ብዬ ቆርጬ ሳለ ጋሼ «ሁለት ብረት ብቻ እኮ ነው የቀረን» አሉ። ጣውላዬ ላይ ቆሜ በየድኩ። ሁለተኛውን ስጨርስ ጋሼ ደስ አላቸውና «ና፣ አሁኑኑ እንጸልይና ምሳ እንብላ» ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ቤት ሳቡኝ። ማብሪያዋን አጠፋሁ። ስፒናዋን አልነቀልኩም። እስከ ዛሬ ስቆጥረው ከማሽኗ እስከ ግድግዳው አራት እርምጃ ነው።

ጋሼ ሲጸልዩ ረጅም ነው። እትዬ ጸሎቱ ሳያልቅ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ለራት የሚሆን ሥጋ ሊያወጡ ነበር፣ ትልቁ ፍሪዘር ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው። ነጠላ ጫማቸው ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ዓይኔን ገለጥሁ። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ጩኸት አይደለም፣ የታፈነ ማቃሰት ነው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እትዬ እግራቸው ውሃው ውስጥ ነው፣ አንድ እጃቸው የፍሪዘሩን ብረት እጀታ፣ ሌላው ሲንሸራተቱ የያዙትን የማሽኗን ጠርዝ ጨብጧል። አይለቅም። ፊታቸው ወደ እኔ ነው፤ ያዩኛል፣ መናገር ግን አይችሉም።

ጋሼ ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ሊዘረጉባቸው ሲሉ «አትንካት! አንተ ሰውዬ አትንካት!» ብዬ ጮህኩባቸውና በትከሻዬ ገፍቼ ግድግዳ ላይ ጣልኳቸው። አንተ ብያቸው አላውቅም ነበር። ስፒናዋን ነቀልኩ። እትዬ እንደ እርጥብ ልብስ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ትንሽ ቆይተው ተነፈሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነፈሱ።

ሐኪም ቤት ልባቸውን ሲከታተሉ አደሩ። መዳፋቸው ተቃጥሏል፣ ሁለት ጣቶቻቸው አይታጠፉም፤ በሕይወት ይኖራሉ አሉን። ኮሪደሩ ላይ ከጋሼ ጎን ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ቀን ማወቄን፣ ቴስተሩን፣ ካቻቪቴውን። እውነቱን ልናገር፣ ንስሐ ብቻ አልነበረም። ስናገር ሻንጣዬን በልቤ ሸክፌ ነበር። ከቤቴ ውጣልኝ ይሉኛል፣ እወጣለሁ፣ በቃ፣ ይገላግሉኛል ብዬ ጠበቅኋቸው።

«እኔንም እኮ ነዝራኛለች» አሉ ጋሼ መሬት መሬቱን እያዩ። «ሁለት ሦስት ጊዜ። የዚህን አገር ትምህርት የተማረው እሱ ነው፣ ነገር ቢኖርባት ይነግረኝ ነበር አልኩ። ልጠይቅህ ደግሞ አፈርኩ።» ከዚያ እጃቸውን ጭኔ ላይ አሳረፉ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ልጄ ነህ። ከቤቴም የትም አትሄድም።»

ቢቆጡኝ እችለው ነበር። ይቅር ሲሉኝ ግን መውጫዬን ሁሉ ደፈኑት፤ የቀድሞውን ውለታ ሳልከፍል ሌላ ተጨመረብኝ። ከዚያ ቤት የወጣሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

እትዬ እሑድ ከሰዓት በኋላ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ገቡ። ጋሼ ሶፋው ላይ አስቀመጧቸውና ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው፤ የራሳቸውንም የእኔንም። «ይቅር ተባብለናል» ብለው ጨረሱ። እትዬ ሁለታችንንም በየተራ አዩን። እኔ እግራቸው ላይ ልወድቅ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ በደህናዋ እጃቸው ተቀመጥ አሉኝ።

«እናንተማ ይቅር ተባባላችሁ» አሉ። «እኔን ማን ጠየቀኝ? ሁለታችሁ ስትከባበሩ እኔ ልሞት ነበር።»

ጋሼ አንድ ጥቅስ ሊጠቅሱ ጀመሩ። «ተወኝ» አሏቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ «እኛው እናስተካክለዋለን፣ አሁን እኮ ስህተቱን አውቀነዋል» አሉ። እትዬ መልስ ሳይሰጧቸው የስልክ ማውጫውን በግራ እጃቸው ገለጡና በዚያች በማትሞላ እንግሊዝኛቸው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠሩ። ሰውየው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ዝምተኛ። ጋሼና እኔ ከጋራዡ በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ስፒናውን ፈታው። አረንጓዴው ከነጩ ጋር ተጠምዝዞ ሲያየው እጁን አነሳና ዞሮ አየን።

«ይህን ማን ነው የሠራው?» አለ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔም ልናገር አፌን ከፈትኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው በፋሻ የታሰረውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ሁለቱም» አሉት።

ሰውየው አንዴ ጋሼን፣ አንዴ እኔን አየና ሽቦውን መፍታት ጀመረ።