ከደመናው በላይ ለመውጣት

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል የተዘረጋ የሣር ሜዳ በነበረበት ዘመን የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ። ሥራዬን በደንብ አውቃለሁ፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ደመና ሲጫነን መላው አንድ ነው፦ አዲስ አበባ ያለውን የበረራ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ጠርቶ «ደመናውን በመሣሪያ እየተመራሁ ልውጣ፤ ከላይ ሲጠራ በዓይኔ እያየሁ እሄዳለሁ» ብሎ ማስፈቀድ። እሱም አቅጣጫና ከፍታ ይሰጣል፤ መንገዱ ላይ ሌላ አውሮፕላን ካለ «ጠብቅ» ይላል።

ደመና በተጫነን አንድ ጠዋት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አመጡልኝ። አብሯት የመጣው ሐኪም «አርባ ምንጭ ደርሳ ቀዶ ጥገና ካላገኘች እሷም ልጇም አይተርፉም» አለኝ። ባሏ ከአሪ ተራራ የወረደ ገበሬ ነው። ሴትየዋን ከኋላ አስተኝተን ፈቃድ ጠየቅኩ፤ «ጠብቅ» ተባልኩ።

የባልየው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አውሮፕላኗን ከበው፣ እጃቸውን ዘርግተው «ጌታ ሆይ፣ ደመናውን ክፈት!» እያሉ መጸለይ ጀመሩ። ደመናውም ተከፈተ! በተራራው በኩል ሰማያዊ ቀዳዳ ታየ። እልልታው ቀለጠ። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነቃነቅኩም።

ባልየው በሩን ደበደበ። «ካፒቴን፣ ጌታ ከፈተ እኮ! ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ቀዳዳው ያለው ተራራው ላይ ነው። መሃሉ ስገባ ቢዘጋብኝ መመለሻ የለኝም።»

«እምነት የለህም ማለት ነው!»

ተናደድኩ። እኔም እጸልያለሁ፤ ግን ዓይኔን ገልጬ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚያ ተራራ ላይ ግን ለቃሚም አይገኝ። ቢሆንም ሴትየዋ ከኋላዬ ስታቃስት ተቆጣጣሪውን በሬዲዮ ደግሜ ጠራሁት። ቀዳዳው ሲዘጋ ባልየው ሣሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ብዙም ሳይቆይ ፈቃዱ መጣ፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቆላው እየበረርኩ እንድወጣ። ባልየውን አስገብቼ ተነሳን። ደመናው ውስጥ መስኮቱ ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ዓይኔን ከመሣሪያዎቹ አልነቀልኩም። ከዚያ ድንገት ፀሐይ ወጣችልን። ወደ አርባ ምንጭ ስንዞር ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ታየ፤ የተራራው ጥቁር ጫፍ ከደመናው ብቅ ብሏል።

ባልየው አየው። «ካፒቴን፣ ይቅርታ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ሚስቱ በምጥ መሃል ጮኸችበት፦ «ተወው፣ ይንዳበት!»

አርባ ምንጭ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላገለች። ጂንካ የመለስኳቸውም እኔው ነኝ። ባልየው ልጅቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ሜዳው ላይ አጠገቤ ቆመ።

«ያን ቀን እሺ ብለኸኝ ቢሆን» አለኝ፣ «ዛሬ ማንን እታቀፍ ነበር?»