የፖርቶ በርሜሎችና የአኮ መልስ

ለዱዓ የተዘረጉት የአጎቴ እጆች በእኔ ምላስ ምክንያት ተመልሰው ጉልበታቸው ላይ አረፉ!

ዛሬ ሮቤ ከተማ ቤታችን የተሰበሰብነው እህቴን ሃዊን ልንመርቃት ነበር። ፖርቱጋል ውስጥ ፖርቶ በምትባል የወደብ ከተማ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። እኔም የከተማዋን ፎቶ አሳየሁ።

«ጀልባው ላይ ያለው በርሜል ምን ይዞ ነው?» አሉ አጎቴ።

«ወይን ጠጅ! ከተማዋ የምትታወቀውም በሱ ነው።» (ይህችን ደግሞ ማን ጠየቀኝ?)

«የሐራም አገር? አትሄድም!»

ሃዊ አቀረቀረች። ይሄኔ አያታችን አኮ ልጃቸውን ገላመጡ።

«አንተ የማር አገር ደሎ መና ተወልደህ አድገህ፣ መቼ ጣፈጥክ?»

ቀድመው የሳቁት ራሳቸው አጎቴ ናቸው። እጃቸውንም እንደገና ዘረጉ። ዱዓው ረዝሞ ክንዴ ቢዝልም አሚን ያልኩት ከልቤ ነው።

አኮዬ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው! እናንተስ፣ ምላሳችሁ ያበላሸውን የትኛዋ አያት አቀናችላችሁ?