በክብር የተራበው አያቴ

ባለፈው ቅዳሜ ዲላ ገበያ አንዲት የቡላ ነጋዴ የኮባ ቅጠሉን ገልጣ ነጭ ቡላዋን አሳየችኝ። «ለአባትሽ ነው አይደል? ለሽማግሌ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ! እስቲ በእጅሽ ንኪው፣ ዱቄት ነው የሚመስለው» አለችኝ። ጎንበስ ስል ያ ጎምዘዝ ያለ፣ እርጥብ አፈር የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሌላው ሰው ቡላ ሲያሸት የአራስ ቤት ወይም እንግዳ የመጣበት ቀን ይታወሰው ይሆናል። እኔን የሚታወሰኝ በቃጫ ገመድ የታሰረ ሽማግሌና ደም ነው። ትንሽ ገዛሁና በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መንገዱን ሁሉ ሳስበው የመጣሁት አያቴን ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ባንኮ ጎቲቲ የሚባል የገጠር መንደር ነበር። ቤታችን በእንሰቱና በቡናው መሀል ስለነበረ ከመንገድ አይታይም፤ የሚያሳብቅብን ጭሱ ብቻ ነው። ቡናው ሲያብብ መዓዛው መንደሩን ያውደዋል፣ የንቡ ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጠን ቁልቁለቱን እንንሸራተት ነበር። ቀሚሳችን ተቀዶ ስንገባ ከእናቴ ዱላ የሚያስጥለን የአባቴ አባት፣ አያቴ ጅግሶ ነበር። «ልጅ ካልወደቀ መሬቱን በምን ያውቀዋል?» ይላታል፣ እሷን ሳያይ፣ ለግድግዳው እንደሚናገር ሆኖ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አያቴ ጥርስ አልነበረውም። ሴት አያቴ በሕይወት እያለች ግን ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። ሁለቱ ከአንድ ጣባ ነበር የሚበሉት። ጎመኑን አድቅቃ፣ ቦሎቄውን በጣቶቿ ጨፍልቃ፣ ከቆጮው ጋር ለውሳ ታጎርሰዋለች። ዶሮዋ ስትጥል እንቁላሉም እዚያው ይገባል። እሷ ስትሞት እሱን መመገብ የእናቴ ፈንታ ሆነ። በእኛ አገር ደግሞ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ፊቱንም ቀና ብላ አታይም። ምግቡን ጎንበስ ብላ ታስቀምጥና ወደ ኋላዋ ትመለሳለች። እሱም ምራቱን ይህን ስጪኝ፣ ያንን አምጪልኝ ቢላት ነውር ነው። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስለ ምግብ የሚነጋገሩበት አፍ አልነበራቸውም።

ነገሩን ያበላሸችው ለቅሶ ልትደርስ የመጣች አንዲት ጎረቤት ናት። በአያቴ ጣባ ውስጥ ጎመን አየችና እናቴን በሰው ፊት፣ «ምነው እቴ፣ አሮጊቷ ሞተች ብለሽ ሽማግሌውን እንደ ፍየል ቅጠል ታቀርቢለት ጀመር?» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ለቀስተኛው እንደወጣ እናቴን ጠርቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በአባቴ አፍ ቅጠል እንዳይገባ! ጎመንና ቦሎቄ ለእኛ ነው። ለእሱ ቡላ፣ ንጹህ ቡላ!» አላት። እሷም ታዘዘች። መጀመሪያ ነጭ ገንፎ በቅቤ ነበር። ላማችን ታማ ስትሞት ቅቤው ቀረና ነጭ ገንፎ ብቻ ሆነ። እኛ ልጆች ምድጃው ዳር ጎመንና ቦሎቄያችንን ስንሻማ፣ አያቴ ከፍ ባለው መደብ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነጩን ይውጣል። ጎረቤቱ ሁሉ አባቴን አመሰገነው። «እንሰት ያለው አይራብም» እየተባለ በኖረበት አገር፣ ቡላ የሚበላ ሽማግሌ ይራባል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ክረምቱ አልፎ የቡና ለቀማ ሲደርስ አያቴ ሌላ ሰው ሆነ። መጀመሪያ የአንገቱ ዙሪያና የእጆቹ ጀርባ እንደ ዛፍ ቅርፊት ጠቆረና ተሰነጣጠቀ። ሆዱ አልረጋ አለው። እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ቁጣው መጣ። አንድ ቀን እናቴ ገንፎውን አስቀምጣ ቀና ሳትል ጣባውን አንስቶ ግንባሯ ላይ ሰበረው። ገንፎውና ደሟ ተቀላቅሎ በአፍንጫዋ ሲወርድ አየሁ። ስብርባሪውን ለቅማ ወጣች። ሌላ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ እግሩ ሥር የሚተኛውን የገዛ ውሻውን በምርኩዙ ቀጥቅጦ ገደለው። ውሻው ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ጭራውን ይቆላለት ነበር።

ከሁሉ የባሰው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የገጀራ ድምፅ ሰማሁ። አያቴ ለጋውን እንሰት ይጨፈጭፋል። በእኛ ዘንድ ያልደረሰ እንሰት መቁረጥ ልጅ እንደመግደል ነው፤ ያንን እንሰት ደግሞ የተከለው ራሱ ነው። «አባባ!» ብዬ ተጣራሁ። ዞረ፤ ዓይኑ ግን አላወቀኝም። ጸጉሬን ጨምድዶ መሬት ላይ ጣለኝና ገጀራውን አነሳ። አባቴ ቡና ከሚያሰጣበት በሩጫ ደርሶ በያዘው አጣና ክንዱን መታው። ገጀራው አጠገቤ ወደቀ። አያቴ ጥርስ በሌለው ድዱ የአባቴን እጅ ነከሰ። አባቴም የገዛ አባቱን በጥፊ አጮለው። አንዴ ከመታ በኋላ ማቆም አቃተው፤ ሰዎች ናቸው ከላዩ ላይ ያነሱት።

አያቴን በቡና ማስቀመጫው ምሰሶ ላይ በቃጫ ገመድ ጠፍረው አሰሩት። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ መኩሪያ፣ ጠፍር ይዞ መጣ። ክፉ መንፈስ ይዞታል ተባለና በርበሬ ፍም ላይ በትነው አፍንጫው ሥር ያዙለት። አያቴ እያሳለ፣ ዓይኑና አፍንጫው እየፈሰሰ፣ መኩሪያ ጀርባውን ይገርፈዋል።

«ተናገር! ማን ነህ?»

«ጅግሶ ነኝ።»

«ውሸታም! ጅግሶ የልጅ ልጁን ሊገድል ገጀራ አያነሳም! ማን ነህ?»

«ጅግሶ ነኝ፣ ልጄ።»

ጅግሶ ነኝ ባለ ቁጥር ጠፍሩ ያርፍበታል። አንድ ጎረምሳ «ኧረ ሽማግሌው ከኮርማ ይጠነክራል!» ሲል ሰው ሳቀ። እኔ የእናቴን ቀሚስ እንደጨበጥኩ ሽንቴን ለቀቅሁት። በመጨረሻ አባቴ፣ ተናዶ ይሁን ፈርቶ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ዱላ አንስቶ ጭንቅላቱን አለው። የአያቴ አንገት ወደ ደረቱ ወደቀ። ደሙ በጆሮው ላይ አልፎ ገመዱን አቀላው።

ያን ጊዜ እናቴ «ጅግሶ!» ብላ ጮኸች። ምራት የአማቷን ስም ጠራች። «ጅግሶ ነኝ እያላችሁ እኮ ነው! እሱ ነው! ከሞተ የገደለው መንፈስ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ!» ብላ የቆጮ ቢላዋዋን ይዛ ገመዱን በጠሰችው። መኩሪያ ሊይዛት ሲራመድ ቢላዋውን ወደ ሆዱ አዞረች። «ና! ናማ፣ ሞክረኝ!» ግንባሯ ላይ ያለው ቁስል ገና አልዳነም ነበር።

በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ድረስ፣ ከዚያ የቡና ጆንያ በተጫነበት አይሱዙ ላይ ዲላ ወሰድነው። እናቴ እዚያ ሰፈር ትታኝ መሄድ ስለፈራች እኔንም ይዛኝ ነበር። ጭንቅላቱን የሰፋው ጤና መኮንን አነጋገሩ የሰሜን ሰው የሚመስል ወጣት ነበር። ሰፍቶ ሲጨርስ የአያቴን አንገት ትኩር ብሎ አየ፤ ከዚያ እጆቹን አገላበጣቸው።

«አባት ምንድን ነው የሚበሉት?» ሲል ጠየቀ።

አባቴ ደረቱን ነፋ። አማርኛ ብዙም አልነበረውም። «ዶክተር፣ እኛ አባት እናከብራለን። ቡላ ነው ሁልጊዜ። ጎመን አፉ አይነካም!» አለው።

«ሌላስ? ወተት፣ እንቁላል፣ ቦሎቄ?»

«ቦሎቄ የልጆች ነው።»

ሰውየው የእኔን እጅ ሳብ አድርጎ አየ። ምንም አልነበረብኝም። «ይቺ ልጅ ከእሳቸው የተሻለ ትበላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ቡላ ክፉ አይደለም፤ ብቻውን ግን ሰው አያቆምም። ገላ የሚያስፈልገውን ሲያጣ መጀመሪያ ቆዳ ይጎዳል፣ ከዚያ ሆድ፣ ከዚያ አእምሮ። መንፈስ አልያዛቸውም፣ ርቧቸው ነው። በክብር አስርባችኋቸዋል።»

አባቴ ጤና መኮንኑን በጋውኑ ኮሌታ አንቆ ከግድግዳ አጋጨው። «አባቴን አስራብኩ? እኔ? እኔ አስራብኩ?» ዘበኞቹ እየጎተቱ አወጡት። ኮሪደሩ ላይ ሲለቁት ቁጢጥ ብሎ የገዛ ፊቱን በሁለት እጁ ይመታ ጀመር። በጥፊ ያጮለበትን እጅ እናቴ ይዛ ጭኗ ሥር አስገባችው። እስኪደክመው ድረስ አልለቀቀችውም።

እንክብል ተሰጠን። ከእንክብሉ ጋር እናቴ ከጎረቤት ወተት እየለመነች፣ እንቁላል እየቀቀለች፣ ጎመኑንና ቦሎቄውን እንደ ሟቿ አማቷ እያደቀቀች አበላችው፤ የሚያሽሟጥጥ ቢመጣ በዓይኗ ነበር የምትመልሰው። ቁጣው በጥቂት ቀን በረደ። ቆዳው ቆይቶ ተላጠና አዲስ ወጣ። ስማችንን አንድ በአንድ እያስታወሰ ጠራን። አንድ ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ «ውሻዬ የት ሄደ?» አለ።

ከዚያ ወዲያ አያቴ ብቻውን መብላት እምቢ አለ። ከመደቡ ወርዶ ምድጃው ዳር ከእኛ ጋር፣ ከአባቴ ጎን ይቀመጣል። አባቴን ያጎርሰዋል፤ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖረ። ስለዚያ ቀን ለአባቴ አንድም ቃል አልተናገረውም፤ አባቴም አላነሳበትም።

ዛሬ አባቴ ራሱ ሽማግሌ ነው፤ ዲላ ከእኔ ጋር ይኖራል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ስለዚህ እፈራለሁ። የልጆቼን ስም ሲያሳስት፣ ሌሊት ሲነሳ፣ ነገር ሲያስቆጣው፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ዛሬ ምን በላህ ብዬ ነው። ሐኪም ጋ ወስጄው ነበር፤ መርሳት ሁሉ ከምግብ አይመጣም፣ እርጅናም በሽታም አለ፣ ግን መመገብሽን አትተዪ ብሎኛል። አልተውኩም። የሚያስቸግረኝ የዘመኑ ክብር ነው። ያኔ ሽማግሌ የሚከበረው በቡላ ነበር፤ ዛሬ ሊጠይቀው የሚመጣ ሁሉ ለስላሳና ብስኩት፣ ነጭ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ጎመን እንደሆነ ያኔም ዛሬም የድሃ ነው። በቀደም ትልቋ ልጄ ሦስተኛ ጠርሙስ ስትከፍትለት «በቃው» አልኳት። «እማዬ፣ ተዪው እንጂ! በስተርጅናው የወደደውን ቢጠጣ ምን አለበት? ደስ ይበለው» አለችኝ። ጠርሙሱን ከእጇ ነጥቄ ከግቢው ድንጋይ ጋር አጋጨሁት። ስብርባሪው እግሯ ሥር ተበተነ። እሷ ደነገጠች፤ እኔ ደግሞ በራሴ እጅ ደነገጥኩ።

ከሰዓት ለአባቴ ምሳውን ሳቀርብለት፣ የደቀቀ ጎመንና ቦሎቄ ነበር፣ አንዴ ጎርሶ፣ «አባቴ ግን ያውቅ ነበር?» አለኝ። ያን ቀን ጭንቅላቱን የመታው ማን እንደሆነ ማለቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ይዞ እንደኖረ ፊቱ ይናገራል።

እኔ የያዝኩትንም ነገርኩት። አንድ የቡና ለቀማ ጊዜ አያቴ ጎን ሆኜ ስለቅም፣ ልጅ ነኝና፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን እንደመጣ ያውቅ እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «የመታኝ ልጄ ነው» አለኝ አያቴ፣ ለቀማውን ሳያቋርጥ። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አይቼዋለሁ። አደራ እንዳትነግሪው። ማወቄን ካወቀ ከእኔ ጋር አይበላም።»

አባቴ ማኘኩን አቆመ። ያኔ ቢሆን አንድ ነገር ይሰብር ነበር፤ እኔም ወደ በሩ እሸሽ ነበር። ዛሬ ግን ሁለታችንም ከተቀመጥንበት አልተነሳንም። ሳህኑን ከፊቱ ገፋ አድርጎ መሀል ላይ አደረገውና፣ «ልጆቹን ጥሪያቸው» አለኝ፤ «ሳይቀዘቅዝ አብረን እንብላ።»