ወንበሩ ላይ ያለው ነጭ ጋዋን

ቢሮው ውስጥ ጥግ የያዘው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ዘወትር ነጭ ጋዋን ያንጠለጥላል፤ ባልደረቦቹ ለብርድ ይመስላቸዋል። ሥራው የፕሮግራም ስህተት የሚያነፈንፈውን ዲበገር መፈተሽ ነው። የሚመረመረው ፕሮግራም መለያ ቁጥሩን እንደያዘ ውስጡን አራግፎ ሌላ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዲበገሩ ይከተለዋል ወይስ አፉን ከፍቶ ይቀራል?

ዛሬም አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አንተ ፈዛዛ፣ ያው እሱ እኮ ነው!» ብሎ ስክሪኑ ላይ ጮኸ።

ይሄኔ ስልኩ በቪዲዮ ጠራ። ጋዋኑን ላፍ አድርጎ ለበሰ። የሕክምና ትምህርቱን ትቶ እዚህ ሲቀጠር የስልክ ቁጥሩን አልቀየረም፤ ለእናቱም ትንፍሽ አላለም።

«ዶክተሬ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«አንድ በሽተኛ አልድን ብሎኝ ነው፣ እማዬ።»

እናቱ ከንፈሯን መጠጠች።

«እስቲ አጥፍተህ አብራው፣ ልጄ።»