ሎሚ የበላው ጥርስ

የቧንቧ ነሐስ ነው የሰካው ያላችሁኝ ሰዎች፣ ቆይ አንዴ ስሙኝማ። እኔ ላሊበላ ጥርስ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን ስምንተኛ ክፍል እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ዶክተሯ ሰምና የአንድ በሽተኛ የተነቀለ ጥርስ ሰጥታ "እስቲ ይቺን ጥርስ አስመስላት" አለችኝ። ሠርቼ ሳሳያት የቱ የእኔ፣ የቱ የበሽተኛው እንደሆነ ጠፋት። ይኼን ማንም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የብረት ጥርስ ነው። በሰም እቀርፃለሁ፣ ብረት አቅልጬ በቅርጹ አፈሳለሁ፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ እወለውላለሁ።

የኔታ የገነተ ማርያም የዜማ መምህር ናቸው። የፊት ጥርሳቸውን በወርቅ መሳይ ሸፈንኩላቸው። ወርቅ መሳይ ማለት አብዛኛው መዳብ ነው፤ አልደበቅኳቸውም። ሲስቁ ከማዶ ይታዩ ነበር።

ጥቂት ወር ቆይተው ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ድዳቸው አብጧል፣ የጥርሱ ዳር አረንጓዴ ሆኗል።

"አንተ ልጅ፣ አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል። ምንድን ነው የሰካህብኝ?"

የቧንቧ ነሐስ ሰካባቸው የሚለው ወሬ ገበያ ደረሰ። ቀጠሮ የያዘው ሁሉ ቀረ። ዶክተሯም ሌላ ብረት ቀላቅዬ ከሆነ ሁለተኛ እንዳልመጣ ነገረችኝ።

እሷ ግን ሳትጠይቅ አትፈርድም። የኔታን ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻቸው፤ ሽሮ አሉ። እኔ ደግሞ ጉንጫቸው ወጣ ማለቱን አይቼ እሱስ ምንድን ነው አልኩ። የሎሚ ቁራጭ ነው። ድምፅ ይጠርጋል ብለው ሲያስተምሩም ሲያዜሙም ከጥርሱ ሥር ይዘውት ይውላሉ።

ዶክተሯ ኮምጣጣ ነገር መዳቡን እያሟሟ እንደሚያወጣው ነገረችን፤ ግን በዓይናችን እንየው አለች። ከዚያው ጥርስ የተረፈውን ብረት ለሁለት ቆረጥኩ። አንዱን ውኃ ባለበት ብርጭቆ፣ አንዱን የሎሚ ጭማቂ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከትተን መስኮቱ ላይ አስቀመጥን። የኔታ እየተመላለሱ ያዩታል። የውኃው እንዳለ ነው። የሎሚው ብረት ደበዘዘ፣ ጭማቂውም ወደ አረንጓዴ ሄደ። አንዱ ተማሪ ልቅመሰው ሲል "የኔታ ቀምሰውልሃል" አልኩት።

"ታዲያ ሎሚውን ነው ወይስ ጥርሱን የምተወው?" አሉ የኔታ።

"ሁለቱንም" አለች ዶክተሯ።

ወርቅ መሳዩን አወለቀች፤ እኔም መዳብ የሌለበት ነጭ ብረት ሠራሁላቸው። ድዳቸው ዳነ፣ ሰዉም ተመለሰ፣ እኔም ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ኮምጣጣ ነገር መዳብ ያስለቅቃል። አሁን ልኬት ከመውሰዴ በፊት ሰውየው አፉ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚውል እጠይቃለሁ፤ ወርቅ መሳይም አልሠራም።

አሁንም የምትጠራጠሩ ካላችሁ ገነተ ማርያም ሩቅ አይደለም። ብርጭቆዎቹን ያላየ ተማሪ የለም፤ ሂዱና የፈለጋችሁትን ጠይቁ።