የእትዬ ዘሀራ ቤንዚን

ቅዳሜ ጠዋት ገሳይ ከተማ ላይ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ... ሳስበው አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ትንንሽ አውሮፕላኖችን መጠገን ነው። ለእረፍት ደብረ ታቦር ገብቼ፣ አጎቴን በራሳቸው ሞተር ሳይክል አፈናጥጬ ነፋስ መውጫ ለቅሶ ላደርሳቸው እየሄድን ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ ሥራዬ ስደሰኩርላቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የነዳጅ መዝጊያዋን ሳይከፍት የሚነሳ አብራሪ አለ። ቧንቧው ውስጥ በቀረችው ነዳጅ ሞተሩ ይነሳል፣ አውሮፕላኑም ከመሬት ይለቃል... ከዚያ አየር ላይ ቀጥ!»

«ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ አጎቴ።

ገሳይ ስንደርስ እትዬ ዘሀራ ሱቅ ቆመን ቤንዚን ቀዳን። እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው፤ ቤንዚኑን በውሃ ፕላስቲክ ሞልተው ደጃፋቸው ላይ ይሸጣሉ። ከዚያ ተነስተን ዳገቱን ሳናጋምስ ሞተሯ ጠፋች። ብረግጥ፣ ብረግጥ... ወይ ፍንክች።

ደሜ ፈላ። ሞተሯን እየገፋሁ ከአጎቴ ጋር ተመለስኩና ገበያተኛው መሀል እትዬ ዘሀራ ላይ ጮህኩባቸው።

«ውሃ ቀላቅለሽ ነው የሸጥሽልኝ! እኔ የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ፣ እኔን አታታልይኝም!»

አዎ... «አንቺ» አልኳቸው። ሊቀዳ ቆሞ የነበረ ባለባጃጅ ይህን ሰምቶ ሳይቀዳ ሄደ።

እትዬ ዘሀራ አልተሳደቡም። አንዱን ፕላስቲክ አንስተው ወደ ፀሐይ አሳዩኝ።

«ወላሂ ውሃ አልነካውም ልጄ። ውሃ ቢኖርበት ከሥር አይለይም ነበር? እስቲ እየው።»

ይህ ፍተሻ እኔው ራሴ በየጠዋቱ ከበረራ በፊት የምሠራው ነው። ግን እልህ ይዞኛል፣ አላይም አልኩ።

ይሄኔ አጎቴ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ያች ቅድም የነገርከኝ የአውሮፕላኑ መዝጊያ... ይቺ ሞተር የላትም እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ ሳይ ተዘግታለች። ቤንዚኑ ሲቀዳ በሥራ ልማድ የዘጋኋት እኔው ነኝ። ከፈትኳት፣ ጥቂት ጠብቄ ረገጥኩ... በአንዴ ተነሳች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የእትዬ ዘሀራን ጉልበት ልስም ወደቅሁ። ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። ያ ባለባጃጅ ግን ሄዷል... እሱን ማን ይነግረዋል?»

ሞተሯን አስነስቼ ተከተልኩት። መናኸሪያው ጋ ደረስኩበት።

«ወንድሜ፣ ተሳስቼ ነው። የሴትዮዋ ቤንዚን ንጹህ ነው።»

ራሱን ያዘ። «እንዴ! የአውሮፕላን መካኒክ ካለማ እውነት ነው ብዬ፣ እዚህ ላለው ባለባጃጅ ሁሉ ነገርኩ እኮ!»

እንግዲህ በገሳይ የምታልፉ ሁሉ... የእትዬ ዘሀራ ቤንዚን ጠብታ ውሃ የለበትም፤ ውሸታሙ መካኒኩ ነው ብላችሁ ንገሩልኝ።