ጉልበት አይጠፋም

ሲይዙኝ ጠመኔ በእጄ ነበር። ንፋስ መውጫ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከምሳ በፊት ያለው ክፍለ ጊዜ። ሰሌዳው ላይ የካይኔቲክ ኢነርጂን ቀመር ጽፌ ዞር ስል ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ጠመኔዋን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። አምስት ደቂቃዋ ወራት ፈጀች።

ያስገቡን የድሮ ማዳበሪያ መጋዘን ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ከጎኔ የደረሱኝ ከስማዳ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ጥፋታቸው ለማያውቁት መንገደኛ ውኃ ማጠጣት ነው። ብርድ ልብስ እንደሌለኝ ሲያዩ የጋቢያቸውን ግማሽ ጣሉብኝ።

በሦስተኛው ቀን የጥበቃው አለቃ ግቢው ውስጥ የተከመረውን ድንጋይ አሳየን። ጠዋት ከበሩ ወደ ሽንት ቤቱ፣ ከሰዓት ደግሞ ከሽንት ቤቱ ወደ በሩ። «ስፖርት ነው» አለ። ለእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ድንጋይ ደረሰን።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ዲስክ አለብኝ፤ ወገቤ አይችልም» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ወገቤ እንደ ብረት ነው።

«ያንተን ማን ይሸከምልህ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ «እኔ እጨምርበታለሁ» አሉ።

እሳቸው አርባ ድንጋይ ሲያመላልሱ እኔ የቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። አንዴ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ማታ እስረኞቹ ይቀልዱብኝ ጀመር። «መምህር፣ የተያዝክባትን ትምህርት እንኳ ጨርስልን እንጂ!» ጠመኔዋን አውጥቼ ወለሉ ላይ ጻፍኩ። ለሽማግሌው እንዲገባቸው ብዬ ኢነርጂ የሚለውን ጉልበት አልኩት። አንድን ዕቃ በኃይል ገፍተን ስናንቀሳቅሰው ሥራ ተሠራ ይባላል፣ ሥራችንም ዕቃው ላይ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይሆናል፣ መጠነ ቁሱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ እጥፍ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ ነው አልኩ። ሰው ሲያዳምጠኝ ደስ አለኝ፣ አፌም ተፈታ።

«የዛሬው ድንጋይ ቆሞ ነበር፣ አሁንም ቆሟል። የእንቅስቃሴ ጉልበት አልጨመረም። ስለዚህ በፊዚክስ ድንጋዩ ላይ የተሠራው ጠቅላላ ሥራ ዜሮ ነው!»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ እኔ ዛሬ ምንም አልሠራሁም?»

ነገሩን ለማስተካከል ቸኮልኩና፣ «ጉልበት ግን አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ» አልኩ።

ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ከሎሚ አልፎ ትርንጎ አክሏል። «የኔስ ታዲያ የት ሄደ?» አሉኝ።

በነገር ሊወጉኝ አልነበረም። የምር ጠየቁኝ፤ መምህር ነኛ! እኔም እንደ መምህር መለስኩ። «ወደ ሙቀት ተለውጦ ይሆናል።»

መዳፋቸውን እብጠቱ ላይ አሳረፉ። ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትህን ነው። እሳት ሆኗል። ተባረክ፣ የኔ ልጅ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ዕለትም ጋቢያቸውን አካፈሉኝ፤ ከሥሩ ሆኜ የዚያን ጉልበት ትኩሳት በጭኔ በኩል እየሰማሁ አደርኩ።

ጠዋት አለቃው ሲቆጥረን ከሰልፉ ወጣሁ። «ወገቤ ደህና ነው። ዋሽቼ ነው። የእሳቸውንም ድርሻ እኔ ልሸከም» አልኩ። ሁሉም ሰማ። እሳቸውም ሰሙ።

«ዲስኩ ባንድ ቀን ዳነ?» ብሎ አለቃው በጥፊ አለኝ። «ስልሳ ትሸከማለህ!»

የመጀመሪያውን ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ስል ሽማግሌው ከጥላው ሥር ተጣሩ። «መምህር! በወገብህ አታንሳ፣ ትጎዳለህ። ቁጢጥ በልና በጉልበትህ አንሳ።»

ከወር በኋላ እሳቸውን ፈቷቸው። «አይዞህ» ብለው ጋቢውን ሙሉውን ትተውልኝ ሄዱ። ይቅር ይበሉኝ ሳልላቸው ቀረሁ።

ዛሬም አስተምራለሁ። ባለፈው ከእሳቸው አገር ከወገዳ የመጣ ነጋዴ አግኝቼ ስለ እሳቸው ጠየቅሁት። በምርኩዝ ነው አሉ የሚሄዱት፤ ማረስ ትተዋል፣ መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል። በየዓመቱ ያ ምዕራፍ ይደርሳል፣ እኔም ጉልበት አይጠፋም ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። አንዳንድ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ የት ይሄዳል?» ይለኛል። ሙቀት፣ ድምፅ፣ እያልኩ እዘረዝርለታለሁ።

የእሳቸው የት እንደ ሄደ ግን አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ በየቀኑ በእግሬ እወጣዋለሁ፣ ጉልበቴንም አያመኝም።